ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ከ5.15 ወደ 6.8 ዘለለ፣ ሰባት ኮምፒዩተር ጨለመ (ኡቡንቱ 22.04፣ የቆየ ኤንቪዲያ ካርድ)

የላብ መምህር | ደብረ ማርቆስ
ሰኞ፣ ጥር 4 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 4፡20

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ስላለኝ ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

በትምህርት ቤታችን ላብ 12 ዴስክቶፕ አለ። ሁሉም በልገሳ የመጡ፣ ያገለገሉ ማሽኖች ናቸው፤ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ3 እና አይ5። ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ሲስተም) የጫንኩት እኔው ነኝ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ባመጣልኝ ፋይል። ላቡ ኢንተርኔት ስላልነበረው ከዚያ ወዲህ አንድም አፕዴት አላየም። አስቸግሮኝም አያውቅም።

ታኅሣሥ ላይ ኢንተርኔት ገባልን። ዓርብ ከሰዓት መብራት ድንገት ጠፋ። ተማሪዎቹ ተበተኑ፣ እኔም ማከፋፈያዎቹን አጥፍቼ ቆልፌ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ሳበራ 5ቱ እንደ ወትሮው ተነሱ። 7ቱ ግን የአምራቹ ምልክት ይመጣና ስክሪኑ ይጨልማል። ግራ ጥግ ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ በቃ። «ቲቸር፣ መብራቱ አቃጠለው» አሉኝ ልጆቹ። እኔም እንደዚያው ነው የመሰለኝ። ፓወር ሰፕላይ ቀያየርኩ። ራሙን አውጥቼ በላጲስ ጠረግኩ (ይሄን የማያደርግ አለ?)። ለውጥ የለም።

ሰባት ማሽን አንድ ላይ ይቃጠላል? የምታውቁ እርዱኝ።

ቡሬ ጽሕፈት | ቡሬ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡55

ቀላል ነው። ግረብ (ማሽኑ ሲነሳ ከርነል የሚያስመርጠው ዝርዝር) ላይ ኢ ፊደልን ተጫን፣ ሊኑክስ ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ኖሞድሴት (የግራፊክስ ድራይቨሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ ቃል) ብለህ ጨምር፣ ከዚያ ኤፍ10። ይነሳልሃል። ሲነሳልህ አፕዴት የሚባለውን ነገር ከነአካቴው ዝጋው። እኔ ጽሕፈት ቤቴ ውስጥ 4 ማሽን አለኝ፣ ከተጫኑ ጀምሮ አፕዴት አድርጌ አላውቅም። ይኸው እንጀራዬን እየበላሁባቸው ነው።

ጣና ዳር | ባሕር ዳር
ሰኞ፣ ከረፋዱ 5፡30

ኖሞድሴት ማስታገሻ ነው እንጂ አያድንም። ስክሪኑን ያበራልሃል፣ ግን ጽሑፉ ወፍሮ፣ ቪዲዮ ስትከፍት ደግሞ ሲፒዩው እየተንገበገበ ነው። መጀመሪያ የሆነውን እንወቅ።

ምንም አልተቃጠለም ባይ ነኝ። መብራት አምስቱን ምሮ ሰባቱን መርጦ አይመታም። እንዲህ አድርግ። አንዱን የጨለመ ማሽን ስታበራ ሺፍትን ተጭነህ ያዝ። ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የባዮስ ዓይነት) ከሆነ ኢስኬፕን ነካ ነካ አድርግ። የግረብ ዝርዝር ሲመጣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ግባ። ከአንድ በላይ ከርነል ታያለህ። ዝቅተኛ ቁጥር ያለውን ምረጥና ምን እንደሆነ ንገረን።

ሌላ ጥያቄ፦ ሰባቱ ከአምስቱ በምን ይለያሉ? የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው ማዘርቦርዱ ላይ ነው ወይስ ለብቻው የገባ ግራፊክስ ካርድ ላይ?

የላብ መምህር | ደብረ ማርቆስ
ሰኞ፣ ከሰዓት 8፡40

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ተነሳ! ሁለት ቁጥር አለ፤ 6.8 እና 5.15። በ5.15 ስመርጠው እንደ ድሮው ቁጭ።

ሰባቱ ሁሉም ኤንቪዲያ ካርድ አላቸው። አምስቱ የላቸውም። ይሄን እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ያኔ ካርዶቹን ለሥዕል ትምህርት ይጠቅማል ብዬ ነበር ያስገባኋቸው። ድራይቨሩም (ካርዱን ከከርነሉ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከዚያው ፍላሽ ነው፣ 390 የሚል።

ያልገባኝ ግን ይሄ ነው፦ 22.04 ኤልቲኤስ አይደለም እንዴ? ለረጅም ጊዜ አይነካም የተባለ ነገር ከርነሉን ማን ቀየረው?

ጣና ዳር | ባሕር ዳር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

እህትህ ነኝ፣ ግድ የለም።

ጥያቄህ ትክክለኛው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። ኡቡንቱ ኤልቲኤስ ሁለት የከርነል መንገድ አለው። አንዱ ጂኤ ይባላል። 22.04 ሲወጣ 5.15 ይዞ ወጣ፣ ጂኤ ላይ ያለ ሰው እስከ መጨረሻው እዚያው 5.15 ላይ ይቆያል፤ የሚመጣለት የደኅንነትና የስህተት ጥገና ብቻ ነው። ሁለተኛው ኤችደብሊውኢ ነው። እሱ አዳዲስ ማሽን እንዲደገፍ ተብሎ በየስድስት ወሩ ገደማ ወደ አዲስ ከርነል ይሸጋገራል። በ22.04 ላይ 5.19፣ 6.2፣ 6.5 ብሎ 6.8 ላይ ቆመ። 6.8 የ24.04 መነሻ ከርነል ስለሆነ ከዚያ አያልፍም።

ታዲያ አንተ መቼ ኤችደብሊውኢ መረጥክ? አልመረጥክም። የዴስክቶፑ ፋይል ሲጫን ኤችደብሊውኢ የሚለውን ፓኬጅ ራሱ ያስገባል። የሰርቨሩ ነው በጂኤ የሚጀምረው። አንተ በጫንክበት ጊዜ ያ ፓኬጅ የሚያመጣው 5.15ን ነበር፣ ስለዚህ ልዩነቱ አይታይም። ሦስት ዓመት ሙሉ ኢንተርኔት ስለሌለ እዚያው ተኛ። ታኅሣሥ ላይ ኢንተርኔት ሲያገኝ መሐል ያሉትን ሁሉ ዘልሎ 6.8ን አወረደ።

አወረደ እንጂ አልጀመረውም። አዲስ ከርነል ሪስታርት ሲደረግ ነው ሥራ የሚጀምረው። ላቡን ስትዘጉ ማሽኖቹን ሳታጠፉ ሰስፔንድ እያደረጋችሁ (እያስተኛችሁ) ነበር አይደል? ዓርብ መብራቱ ሲጠፋ ነው መጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ሪስታርት ያገኙት። መብራቱን በከንቱ ነው ያማችሁት።

የላብ መምህር | ደብረ ማርቆስ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ይቅርታ እህቴ። ሰስፔንዱስ እውነትሽን ነው፤ ቶሎ እንዲከፈት ብዬ እኔው ነኝ ያስለመድኳቸው። ከየት አወቅሽ?

ጋሽ ተርሚናል | ፍኖተ ሰላም
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ልጄ ጣና ዳር በደንብ አስረድታለች። እኔ የስክሪኑን መጨለም ልጨምር።

የኤንቪዲያ ዝጉ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ አይኖርም። ከውጭ ነው የሚመጣው። አዲስ ከርነል በገባ ቁጥር ዲኬኤምኤስ የሚባለው ፕሮግራም ድራይቨሩን ለዚያ ከርነል እንደገና ይገነባዋል። የኢንቴል እና የኤኤምዲ ግን የቤት ልጅ ነው። ከርነሉ ውስጥ ነው ተወልዶ የሚያድገው። አንድ ሰው የከርነሉን ውስጠ ነገር ሲለውጥ፣ በዚያ ለውጥ የሚነካውን ድራይቨር ሁሉ አብሮ ያስተካክላል። ስለዚህ አምስቱ ማሽኖች 6.8 ላይ ምንም አልሆኑም።

390 ግን ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ድጋፉን ያቆመበት ድራይቨር ነው። 6.8 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 መጋቢት ነው። የቆመ ነገር የሚሄደውን አይከተልም። ዲኬኤምኤስ ሊገነባ ሞከረ፣ አልሆነለትም፣ ስህተቱን ጽፎ ተወው። ማየት ከፈለግክ ቫር፣ ሊብ፣ ዲኬኤምኤስ ውስጥ ሜክ ሎግ የሚል ፋይል አለ፤ የመጨረሻዎቹን ሃያ መስመሮች አንብብ።

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ይሄ ነው። የኤንቪዲያው ፓኬጅ ሲገባ ኑቮ የሚባለውን ነፃ ድራይቨር እንዳይነሳ ይከለክለዋል። እና ባለቤቱ የለም፣ ተተኪውም በሩ ላይ ታግዷል። ያቺ ብልጭ የምትል ሰረዝ የመጣችው ከዚህ ነው።

አሁን ካርዶቹን እንወቅ። ተርሚናል ላይ ኤልኤስፒሲአይ ብለህ ቪጂኤ የሚለውን መስመር አምጣልን። ካርዱ ላይ የተለጠፈውን ስም አትመን። (ከስልክ ስለምጽፍ ነው በፊደላችን የጻፍኩት፤ አንተ በላቲን ጻፈው።)

የላብ መምህር | ደብረ ማርቆስ
ማክሰኞ፣ ጥር 5፣ ከጠዋቱ 3፡10

ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ይኸው፦ 4ቱ ጂኤፍ119 ይላል፣ ጎን ላይ ጂቲ 610። 3ቱ ጂኬ208፣ ጂቲ 710።

ሜክ ሎጉንም ከፈትኩት። ስህተት የሚለው ቃል ተደርድሯል፤ ምኑም አልገባኝ፣ ግን እንዳሉት ነው።

ጋሽ ተርሚናል | ፍኖተ ሰላም
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጎሽ። ስሙን አትመን ያልኩህ ለዚህ ነው።

610 የሚለውን ያየ ሰው የ600 ቤተሰብ፣ ኬፕለር ነው ብሎ 470 ድራይቨር ይጭናል። አይደለም። ጂቲ 610 የቀድሞው ትውልድ፣ ፌርሚ ነው፤ አዲስ ስም ተሰጥቶት የወጣ። ጂቲ 630 እና ጂቲ 730 ደግሞ የባሱ ናቸው፤ በአንድ ስም ፌርሚም ኬፕለርም ተሸጧል። ገበያ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ካርቶኑ አይለያቸውም። የሚለያቸው የቺፑ ስም ነው። ጂኤፍ ካለ ፌርሚ፣ ጂኬ ካለ ኬፕለር። ጂኤም ማክስዌል፣ ጂፒ ፓስካል እያለ ይቀጥላል።

ለፌርሚ የመጨረሻው ድራይቨር 390 ነው። ለኬፕለር 470። ሦስቱ ጂቲ 710ዎችህ 390 ላይ የነበሩት ፍላሹ ላይ ያለው እሱ ስለነበረ ነው፣ ያኔ ይሠራልና። አሁን ወደ 470 አሻግራቸው። ኡቡንቱ 470ን ከ6.8 ጋር እንዲገነባ እያስተካከለ ይዞታል። አራቱ 610ዎች ግን መንገዳቸው እዚህ ያበቃል። 24.04 ላይ 390 የሚባል ፓኬጅ ራሱ የለም።

ቡሬ ጽሕፈት | ቡሬ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20

አላልኩም? አፕዴት ባይኖር ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። መምህር፣ ከርነሉን ሆልድ አድርገውና (እንዳይቀየር ቆልፈውና) ተገላገል።

ጣና ዳር | ባሕር ዳር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

ቡሬ፣ ያንተ አራቱ ማሽኖች ላይ በቀን ስንት ሰው ፍላሽ ይሰካል? ሠላሳ? አርባ? ሁሉም የራሱን ቫይረስና የራሱን ሲቪ ይዞ ይመጣል። ከርነል ሆልድ ማድረግ ማለት የቁጥሩን ዝላይ ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ጥገናውንም ማስቀረት ነው። መምህር የሚፈልገው ዝላዩ እንዲቆም፣ ጥገናው እንዲቀጥል ነው። ያ ደግሞ ጂኤ ነው። 5.15 በጂኤ መንገድ እስከ እ.ኤ.አ. 2027 ይጠገናል። ቁጥሩ ግን 5.15 እንዳለ ነው። እሱን ትቶ ሆልድ ማድረግ ምን የሚሉት ነው?

መምህር፣ እንዲህ አድርግ፤ በካርድ ባላቸው ማሽኖች ብቻ። መጀመሪያ በ5.15 ተነስ። ሊኑክስ-ጀነሪክ የሚለውን ፓኬጅ ጫን፣ ቁጥርም ኤችደብሊውኢም የሌለበትን። ከዚያ ሊኑክስ-ጀነሪክ-ኤችደብሊውኢ-22.04 የሚለውን አስወግድ፣ ኢሜጅና ሄደርስ የሚሉትን ወንድሞቹንም ጭምር።

እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ይሄን አድርገህ ሪስታርት ብታደርግ እንደገና ይጨልማል። ምክንያቱም ያስወገድከው ፓኬጅ ጠቋሚ ነው፣ 6.8 ራሱ ዲስኩ ላይ እንዳለ አለ። ግረብ ደግሞ ካልነገሩት በቀር ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር ነው የሚያስነሳው። ስለዚህ የ6.8ቱን ኢሜጅ፣ ሞጁልስ እና ሄደርስ ፐርጅ አድርግ (ከነቅንብሩ አጥፋ)። ሲጨርስ ሪስታርት አድርግና ዩኔም ማይነስ አር በለው፣ እየሠራ ያለውን ከርነል ያሳይሃል። 5.15 ካለህ አረፍክ።

አንዱ ማሽን ላይ ሞክረህ ሳታይ ሰባቱንም አትንካ።

ቡሬ ጽሕፈት | ቡሬ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

እሺ፣ እሺ። ግን አፕዴት ባደረግኩባት በአንዲቷ ቀን ቡት የሚባለው ክፍል ሞላና ማሽኑ ግማሽ ላይ ቀረ። ከዚያ ነው ዓይኔን የፈራሁት።

ጋሽ ተርሚናል | ፍኖተ ሰላም
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ቡትን ለብቻው ከፍለህ ትንሽ ቦታ ሰጥተኸው ይሆናል። የቆዩ ከርነሎች እየተጠራቀሙ ነው የሚሞላው። አፕት አውቶሪሙቭ በየወሩ አድርግ፤ አሁን እየሠራ ያለውንና አንድ መጠባበቂያ ትቶ ሌላውን ይጠርጋል። ያ መጠባበቂያ ነው ዛሬ መምህርን ያዳነው።

ዳንግላ 24 | ዳንግላ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

በሰው ክር ስለገባሁ ይቅርታ። የኔ የተገላቢጦሽ ነው። አጎቴ ከውጭ አዲስ ላፕቶፕ ላከልኝ፣ ኮር አልትራ። ዴቢያን 12 (ሌላ የሊኑክስ ሲስተም) ጫንኩበት። ስክሪኑ ይበራል ግን መጠኑን መቀየር አይቻልም፣ ብሩህነቱ አይቀንስም፣ ዩቱዩብ ስከፍት ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ላፕቶፑ ብልሽት አለው ማለት ነው?

ጣና ዳር | ባሕር ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡35

ብልሽት የለውም። ዴቢያን 12 ከርነሉ 6.1 ነው፤ ያ ከርነል ሲወጣ ያንተ ፕሮሰሰር ገበያ ላይ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ኮር አልትራዎች ግራፊክስ በከርነል ውስጥ በነባሪ የተከፈተው 6.7 ላይ ነው። አሁን ስክሪኑን ያበራልህ ባዮሱ የሰጠው ባዶ ሸራ ነው፣ ሥዕሉን ሲፒዩው በእጁ ነው የሚስለው።

ግራፊክስ ስንል ሦስት ነገር ነው፤ አንዱ ቢጎድል አይሆንም። ከርነሉ ውስጥ ያለው ድራይቨር፣ ካርዱ ውስጥ የሚጫነው ፈርምዌር፣ እና ፕሮግራሞች የሚያናግሩት ሜሳ። ከርነሉን ብቻ ከባክፖርትስ (ለቆየ ዴቢያን አዳዲስ ፓኬጅ ከሚያቀርበው ማከማቻ) ብታመጣ ሜሳው 22.3 ላይ ይቀርብሃል። አንተ ገና ስለጫንክ ምንም የሚጠፋብህ የለም። ዴቢያን 13 ጫን። ከርነሉ 6.12 ነው፣ ሜሳውም አብሮ አዲስ ነው።

ዳንግላ 24 | ዳንግላ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41

እሺ እህቴ። ፋይሉን ለማውረድ ፓኬጅ መግዛት ነው እንግዲህ።

ሠርግና ልደት | ባሕር ዳር
ረቡዕ፣ ጥር 6፣ ከጠዋቱ 3፡30

ሰላም ለሁላችሁ። ቪዲዮ ኤዲት ነው የምሠራው። ካርዴ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ። ጥር ነው፣ ሠርጉ ተደራርቧል፤ አሁን ብትጨልምብኝ ሙሽሮቹ ይገድሉኛል። እኔስ መቼ ነው ተራዬ?

ጋሽ ተርሚናል | ፍኖተ ሰላም
ረቡዕ፣ ከረፋዱ 5፡10

ተራህ ተጠርቷል፣ ግን አትደንግጥ። ያንተ ፓስካል ነው። ለማክስዌል፣ ለፓስካል እና ለቮልታ የመጨረሻው ድራይቨር 580 ነው፤ 590 አያውቃችሁም። ስለዚህ 580 ላይ ተቀመጥ፣ አዲስ ቁጥር ስታይ አትቋምጥ።

አንድ ወጥመድ አለ። ከ580 ጎን ኦፕን የሚል ቅጥያ ያለው ፓኬጅ ታያለህ። ስሙ ደስ ይላል። እሱ የሚሠራው ከቱሪንግ ትውልድ ወዲህ ላሉ ካርዶች ብቻ ነው። ያንተ ላይ ካስገባኸው ስክሪኑ እንደ መምህር ይሆናል። ኦፕን የሌለበትን ውሰድ።

ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው) ክፍት ከሆነም ድራይቨሩ ሲገባ የይለፍ ቃል ይጠይቅህና በሚቀጥለው ሪስታርት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ሰው ደንግጦ ኮንቲኒው ብሎ ያልፈዋል። አትለፈው፤ ኢንሮል ሞክ የሚለውን መርጠህ ቃሉን አስገባ። ካለፍከው ከርነሉ ድራይቨሩን አላውቅህም ብሎ ይመልሰዋል።

ለማንኛውም ሠርጎቹ እስኪያልቁ ምንም አትንካ።

የላብ መምህር | ደብረ ማርቆስ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡00

አንዱን ማሽን ሞከርኩት፣ 5.15 ላይ ቆመ። ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። የከርነል ድረ ገጹ ላይ 5.15 እ.ኤ.አ. በ2026 መጨረሻ ያበቃል ይላል። እናንተ 2027 አላችሁኝ። የቱ ነው? ሌላው፣ አሥራ ሁለቱ ማሽኖች እየተሻሙ ሲያወርዱ ኢንተርኔቱ ዋና መምህሩ ቢሮ ድረስ ይንቀራፈፋል። ዛሬ ተጠርቻለሁ።

ጋሽ ተርሚናል | ፍኖተ ሰላም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሁለቱም ልክ ነው። የተለያዩ ሰዎች ቀን መቁጠሪያ ነው። እኛ ዘመን ስንቆጥር ከፈረንጅ እንደምንለየው አድርገህ ውሰደው።

የከርነሉ ባለቤቶች ለረጅም ጊዜ የመረጡትን ከርነል ለራሳቸው ጊዜ ይጠግናሉ። ድሮ እስከ ስድስት ዓመት ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 መነሻው ሁለት ዓመት ይሁን አሉ፣ ፈላጊ ካለ የሚራዘም። ኡቡንቱ ግን 5.15ን ወስዶ የራሱ ሠራተኞች ይጠግኑታል፤ እዚያ ቢያበቃም እዚህ ይቀጥላል። ዴቢያንም ከጠቅላላው ጋር አምስት ዓመት ያህል ይይዛል። አንተ ማየት ያለብህ የጫንከው ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) ያለውን ነው።

ሦስተኛው ቀን መቁጠሪያ የካርዱ ነው። እሱን ማንም አያራዝምልህም። 12 ማሽን ከሚያስተዳድር ሰው የምጠብቀው አንድ ደብተር ነው፤ የማሽኑ ቁጥር፣ የቺፑ ስም፣ የመጨረሻ ድራይቨሩ። ከርነል የምትመርጠው ያንን አይተህ ነው። አዲስ ስለሆነ ወይም አሮጌ ስለሆነ አይደለም።

ጣና ዳር | ባሕር ዳር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ለኢንተርኔቱ፦ አንዱን ማሽን ላይ አፕት-ካቸር-ኤንጂ ጫን። ሌሎቹ አሥራ አንዱ ፓኬጅ ሲፈልጉ እሱን እንዲጠይቁ አድርግ፣ በ3142 በር በኩል። አንዱ ያወረደውን ሁሉም በላቡ ገመድ ይካፈሉታል። ሊኑክስ-ፈርምዌር የሚባለው ፓኬጅ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። ያንን አሥራ ሁለት ጊዜ ማውረድ፣ ዋና መምህሩ ቢጠሩህም አልፈርድባቸውም።

ቡሬ ጽሕፈት | ቡሬ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጣና ዳር፣ ለኔስ? ኔትወርኬ እንደ ልቡ ነው። አንቺ የምታወርጂውን በፍላሽ አድርገሽ በሚኒባስ ሹፌር ብትልኪልኝ?

ጣና ዳር | ባሕር ዳር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

አሁን ገባህ ማለት ነው! እልካለሁ። አንተም ካርድ ካለህ ቺፑን ንገረኝ። ያወረደውን ፋይል ለመቅዳት ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ ውስጥ ይገኛል፤ ግን አፕት ብለህ ከጫንክ ሲጨርስ ራሱ ያጠፋዋል። አፕት-ጌት ብለህ ከጫንክ ያስቀርልሃል። ይሄን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ባዶ ፎልደር ሳይ ውያለሁ።

የላብ መምህር | ደብረ ማርቆስ
ኀሙስ፣ ጥር 14፣ ከረፋዱ 4፡45

እንኳን ከብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አሳለፋችሁ። ሪፖርት ላቅርብ።

ሦስቱ ጂቲ 710ዎች 470 ገብቶላቸው 5.15 ላይ ናቸው። ዲኬኤምኤስ ስታተስ ስል ኢንስቶልድ ይላል።

አራቱን 610ዎች ጂኤ ላይ ላስቀምጣቸው ነበር ሐሳቤ። ከዚያ ጋሼ ደብተር ያዝ ባሉኝ መሠረት ስጽፍ አንድ ነገር ታየኝ። «የመጨረሻ ድራይቨር» የሚለው ላይ 390፣ «ለምን ያስፈልጋል» የሚል አምድ ደግሞ ራሴ ጨምሬ ነበርና እዚያ ላይ የምጽፈው አጣሁ። ልጆቹ የሚሠሩት ሊብሬኦፊስ፣ ስክራች፣ ትንሽ ጂምፕ ነው። አምስቱ ካርድ የሌላቸው ማሽኖች ያንኑ ይሠሩ የለም እንዴ?

መጀመሪያ የኤንቪዲያ የሚሉትን ፓኬጆች ሁሉ ፐርጅ አደረግኩ፣ ከዚያ አጥፍቼ ካርዱን ነቀልኩ። የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ልሰካ ስሄድ ቀዳዳው የለም! ለካ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ተገጥሞበታል፤ ካርድ ያለው ሰው እዚያ እንዳይሰካ። በመፍቻ ፈልቅቄ አነሳሁት። አንዱ ማሽን እምቢ ብሎ ባዮስ ውስጥ ገብቼ የስክሪኑን ምርጫ ኦቶ ማድረግ ነበረብኝ። ሌሎቹ ወዲያው። 6.8 ላይም ሞከርኩት፣ በኢንቴሉ ድራይቨር ምንም አላለም።

ካርዱ ሲወጣ የላቡ ጩኸትም ቀነሰ። ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ሦስት ዓመት አላወቅኩም ነበር።

ጋሽ ተርሚናል | ፍኖተ ሰላም
ኀሙስ፣ ከቀኑ 6፡15

ተባረክ። ያ የኢንቴል ግራፊክስ ኤችዲ 2500 ነው፣ ድጋፉ ከካርዱ ድጋፍ የሚበልጥ ዕድሜ አለው። ሜሳ እ.ኤ.አ. በ2022 የድሮ ድራይቨሮችን ከዋናው ግንድ ሲያወጣ ለእነዚህ ክሮከስ የሚባል አዲስ ድራይቨር ተጽፎላቸው ነበር። የቤት ልጅ ያልኩህ ይሄን ነው። ክረምት ላይ ወደ 24.04 ስትሻገር እነዚህ ዘጠኙ አያስቸግሩህም። ሦስቱን 710 አስብባቸው።

ቡሬ ጽሕፈት | ቡሬ
ኀሙስ፣ ከቀኑ 6፡40

መምህር፣ የነቀልካቸውን አራት ካርዶች ትሸጣቸዋለህ? ዋጋ ንገረኝ።

የላብ መምህር | ደብረ ማርቆስ
ኀሙስ፣ ከሰዓት 8፡20

በሞዴል 22 ካልሆነ ከግቢው አይወጡም፤ ንብረት ክፍሉ ትናንት ቆጥሮ ቆልፎባቸዋል። ደግሞስ ምን ልታደርግባቸው ነው፣ ይሄን ሁሉ አንብበህ?

ቡሬ ጽሕፈት | ቡሬ
ኀሙስ፣ ከሰዓት 8፡22

አንደኛው ማሽኔ ላይ ያለው ተቃጥሎ ነው። ቺፑን ሳየው ጂኤፍ108 ይላል።

ጣና ዳር | ባሕር ዳር
ኀሙስ፣ ከሰዓት 8፡30

ቡሬ፣ ከኋላ ክዳን ካለ ፈልግ። ፍላሹ ነገ ጠዋት ከመናኸሪያ ይወጣል።